ይህን ኢሜይል የሚያነብ ሰው የለም

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከኋላዋ "ምላጭ" ይሏታል፤ ከፊቷ ደግሞ "ይቅርታ፣ አንዴ" ብለው ነው የሚጀምሩት። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች። አንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛው ስልኩን የት እንደጣለው ጠፍቶት ሲዋከብ ደወለችለትና ስልኩ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከወረቀት ሥር ጮኸ። ብታነሳው "ምላጭ ቢሮ" ይላል። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። እሷ ግን ስልኩን እየሰጠችው "ቢሮ የሚለውን አጥፋው፤ ቤትም ያው ነኝ" አለችው።

ድርጅቱ ፎቅ ቤት የሚያከራይ ነው። ቧንቧ የፈነዳበት፣ አሳንሰር የቆመበት፣ ጎረቤቱ እንቅልፍ የነሳው ተከራይ ሁሉ ለድርጅቱ የጋራ ኢሜይል ይጽፋል። ኢሜይሉ በክፍሉ ባሉት ሠራተኞች ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ አንዱ ፎልደር ጥገና፣ አንዱ ቅሬታ፣ አንዱ ኪራይ ነው። እሷ ወደ ክፍሉ ከመምጣቷ በፊት የነበረው አሠራር አሠራር ከተባለ እንዲህ ነበር፦ አንዱ መልእክቱን ይከፍታል፣ ያነባል፣ "ሌላው ይመልሰዋል" ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሲመጣ የተከፈተ መሆኑን ያይና "ተመልሷል ማለት ነው" ብሎ ያልፈዋል። ተከራዩ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል። ምላጭ ይህን ባየች በማግስቱ "የጋራ ላም ሁሉም ያልባታል እንጂ ሳር የሚያጭድላት የለም" አለችና ሥራውን ጠቅልላ ያዘችው። ባልደረቦቿንም እጃችሁን አንሱልኝ አለቻቸው። እነሱም አነሱ። ሥራው በመቅለሉ ደስ ቢላቸውም፣ የተነገራቸውን አነጋገር ግን በሆዳቸው ይዘው ቆዩ።

የምትጽፈው መልስ አጭር ነው። "ቧንቧ ሠራተኛው ነገ ጠዋት ይመጣል። ቤት ይጠብቁ። ካጣዎት ተመልሶ አይመጣም።" ስለ ጎረቤቱ ጫጫታ ማብቂያ የሌለው ሐተታ ለጻፈ አንድ ተከራይ ደግሞ "ሳነበው እኔንም ራሴን አመመኝ። ጎረቤትዎን አነጋግረናል" ብላ መለሰች። ተከራዮች በመልሷ ይቆጣሉ፣ ይሰድቧታልም። ግን ነገ ይመጣል የተባለው ሰው ነገ ይመጣል። ነገሩ ለብዙ ዓመት በዚህ ሁኔታ፣ ማንም ማንንም ሳይወድ፣ ሲሠራ ኖረ።

ከዚያ አዲሱ የክፍል ኃላፊ መጣ። ከማስታወቂያ ክፍል የተዛወረ፣ በዕድሜ ታናሽ ወንድሟ የሚሆን፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አንቺ" አላት። እሷም "እርስዎ" አለችው፤ ግን "እርስዎ" የምትለው አፏ ውስጥ የገባ ጠጠር እንደምትተፋ ሆና ስለነበር፣ አንተ ብላ ብትሰድበው ይቀል ነበር። 

ጠቡ ግን በአንቺና በእርስዎ አልቀረም። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ኃላፊው የእሷን መልሶች እየመረጠ ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳየ። ድርጅታችን ለደንበኛ እንዴት እንደሚናገር ተመልከቱ እያለ፣ በቀጭን ድምፅ እሷን እየመሰለ አነበባቸው። ራሴን አመመኝ የሚለው ጋ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እጃችሁን አንሱ የተባሉት ባልደረቦቿ ከሁሉም በላይ ሳቁ። እሷ አንገቷን አልደፋችም። ዓይኗን እያዞረች የእያንዳንዱን ሳቅ ከነባለቤቱ ለየችው።

ከስብሰባው በኋላ ኃላፊው ከእንግዲህ ሰው ሳይሆን ሲስተም ነው የሚመልሰው አለና አውቶማቲክ መልስ እንድትሞላ አዘዛት። አባባሉ "ወጥመዱን ራስሽ አጥምጂው፣ ራስሽም ግቢበት" እንደማለት ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያው መጥቶ አሳያት። ሰው ዕረፍት ሲወጣ የሚተወው ዓይነት መልስ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚሄደው። ኃላፊው ደግሞ ለሚገባው መልእክት ሁሉ ሳይቀር እንዲሄድ ስለፈለገ፣ በየፎልደሩ ለብቻው ትእዛዝ መጻፍ ነበረባት። ጻፈችው። ቃሉን ያቀበላት እሱ ነው፦ "ውድ ደንበኛችን፣ መልእክትዎ ደርሶናል። ለእርስዎ ከፍ ያለ ቦታ እንሰጣለን። በአጭር ጊዜ ውስጥ እናገኝዎታለን።"

ምላጭ ሞልታ ጨረሰችና ከዚህ በኋላስ መልእክቱን ማን ያነበዋል ብላ ጠየቀችው። እሱ በሂደት እናየዋለን አላት። ሂደቱ ብዙ አልቆየም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ራሷ ከኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወረች። ሥራዋ አሮጌ የኪራይ ውሎችን በዓመታቸው መደርደር ሆነ። የቀሩት ባልደረቦች ስለ ኢሜይሉ ሲጠየቁ "እኛማ እጃችሁን አንሱ ተብለናል" አሉ፤ ውሸትም አልነበረም። ኃላፊው ግን ለበላዮቹ ባቀረበው ሪፖርት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደቂቃ ሳይሞላ መልስ እየተሰጠ መሆኑን አስረዳ። ያም ውሸት አልነበረም። ተጨበጨበለት፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠው፤ እሱም ሁሉ እንዲያየው ከበሩ ትይዩ ሰቀለው።

ምላጭን ወደ መዝገብ ቤት ሲያዛውሯት ከኢሜይሉ ማስወጣቱን ማንም አላስታወሰም። ጠዋት ጠዋት ፎልደሩን ትከፍተዋለች፤ ቁስሉን የሚነካካ ሰው ይመስል። እዚያ ውስጥ ነው የአንድ ሰዓት ሠሪ መልእክት ያገኘችው። ሰዓት ሠሪው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአንዱ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከታመሙ ባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ጣሪያው ላይ ካለው የውኃ ጋን የሚወርድ ውኃ ባለቤታቸው ከሚተኙበት አልጋ በላይ ኮርኒሱን አርሶት ይንጠባጠባል። ይህን በትሕትና ጽፈዋል። "ውድ ደንበኛችን" የሚለው መልስ ደረሳቸው። ሽማግሌው ሰው የጻፈላቸው መሰላቸውና "ስለ ፈጣን መልስዎ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንግዲህ እንጠብቃለን" ብለው መለሱ። ሲስተሙም ለምስጋናው "ውድ ደንበኛችን" አላቸው። ሽማግሌው አሁንም አመሰገኑ፤ የታመመች ሰው ስላለች ብቻ እንጂ ባላስቸገርኳችሁ ነበር አሉ። ሲስተሙ አሁንም ለእርሳቸው ከፍ ያለ ቦታ እንደሚሰጥ ነገራቸው። እሳቸው ሲያመሰግኑ እሱ ሲያከብራቸው፣ ውኃው በመሃል ሥራውን ይሠራል።

አንብባ ስትጨርስ ደሟ ፈላ። በሩን ሳታንኳኳ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

"የእኚህ ሰውዬ ቤት እያፈሰሰ ነው" አለችው።

"መልስ አላገኙም እንዴ?"

"መልስማ አግኝተዋል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው ያላገኙት።"

ኃላፊው ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። "አንቺ አሁን መዝገብ ቤት ነሽ" አላት። ልትወጣ በሩን ስትይዝ ደግሞ ከኋላዋ ጨመረላት። "ያንቺ ችግር ምን መሰለሽ? ሽማግሌው አይደሉም ያሳዘኑሽ። ሰው ካንቺ መልስ ይልቅ የማሽኑን መልስ ማመስገኑ ነው ያቃጠለሽ።"

አባባሉ አጥንቷ ድረስ ገባ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። እሷን በነዚያ ሁሉ ዓመታት እግዜር ይስጥልኝ ያላት ተከራይ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ለቧንቧ ሠራተኛው አንድ ስልክ ብትመታ ነገሩ ያልቅ ነበር። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን ንዴት ሰውን ዓይኑን ነው የሚያስረው፤ ስልኩ ትዝም አላላት።

ለምሳ ሁሉም ሲወጣ መዝገብ ቤት ቀረች። ትእዛዙን ከፈተችና የኃላፊውን ቃል ከየፎልደሩ ጠርጋ በምትኩ ይህን ጻፈች፦ "ይህን ኢሜይል የሚያነብ ሰው የለም። ታነበው የነበረችው ሴት ሌላ ሥራ ተሰጥቷታል። ቤትዎ የሚያፈስ ከሆነ እዚህ መጻፍ ጊዜ ማጥፋት ነው። የክፍሉን ኃላፊ በሚከተለው ስልክ ያግኙ። ስልኩ ካልተነሳ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከምሳ በኋላ አይጠፋም።" ከሥሩ ቁጥሩን አኖረች። የኃላፊው ስልክ በቀጥታ እሱ ጋ አይጠራም፤ መጀመሪያ የሚጠራው የቢሮው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ምላጭ ይህን ታውቃለች። ግን በዚያች ሰዓት ያሰበችው የኃላፊውን ጆሮ ነው እንጂ ስልኩን የሚያነሳውን እጅ አላሰበችም። አስቀመጠችውና እጇን ታጥባ ምሳዋን ልትበላ ወጣች። ምግቡ እንደዚያ ቀን ጥሞ ወርዶላት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ገና ወንበር ሳይሞቅ ስልኩ መጮህ ጀመረ። መልሱ የደረሰው አንዱ ተከራይ ፎቶ አንስቶ የሕንፃው ነዋሪዎች በየስልካቸው በሚወያዩበት ግሩፕ ላይ ለቆታል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሕንፃ ግሩፕ አልፏል። ችግር የነበረበትም ያልነበረበትም ደወለ። ኃላፊው ነገሩ ምን እንደሆነ ሲገባው ጸሐፊዋን ስብሰባ ገብቷል በያቸው አላት፤ ቀጥሎም ሰዎች በአካል ሊመጡ መሆኑን ሲሰማ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ በኋላ ደረጃ ወረደ።

ጸሐፊዋ ገና ከወሊድ የተመለሰች ልጅ ናት። በዚያ መሥሪያ ቤት ምላጭን "እትዬ" ብላ የምትጠራት እሷ ብቻ ናት። ወረቀት ልታስቀምጥ መዝገብ ቤት ስትገባ ስለ ልጇ ጥርስ ማውራቷ አይቀርም፤ ምላጭም "የሁሉም ልጅ ጥርስ ያበቅላል" እያለች ታዳምጣታለች።

ተከራዮቹ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ያገኙት እሷን ነው። አንዱ ጮኸባት። ሌላው ደመወዝ የምትበይው ለዚህ ነው ወይ አላት። አንድ ሰውዬ የእሷን ስም ጠይቆ ስልኩ ላይ እየጻፈ፣ ዛሬ ስምሽን የማይሰማ ሰው አይኖርም ብሎ ዛተባት። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሳሎኗ ውስጥ የራሰ ምንጣፍ ጠቅልላ በታክሲ አምጥታ ኖሮ፣ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ውኃው ወረቀቱን አልፎ የጸሐፊዋ ቀሚስ ላይ ወረደ። ጸሐፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ስለነበር አልተነሳችም። "እሺ እናቴ፣ እሺ አባቴ" ትላለች።

ምላጭ መዝገብ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ታይ ነበር። መጀመሪያ ላይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የኃላፊው የምስጋና ወረቀት ከበሩ ትይዩ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ሕዝብ ሲያብድ ማየት የልቧን አደረሰላት። ውኃው የልጅቷን ቀሚስ ሲያርሰው ስታይ ግን ያጣመረችውን እጇን ፈታች። ወጥታ መሃል መግባት፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ትችል ነበር። ለመጮህ ማንም አያክላትም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰችና በሩን ዘጋችው።

ሰዉ ሲበተን ጸሐፊዋ ራሷ መጣች። ቀሚሷ አልደረቀም።

"ጽሑፉን አነበብኩት፣ እትዬ" አለቻት። "ያንቺ አጻጻፍ ነው።"

"የጻፍኩት እውነቱን ነው።"

"እውነቱማ እውነት ነው። ለምን እኔ ላይ ደፋሽው?"

ምላጭ ለሁሉም ነገር መልስ የሚፈጥንላት ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ዞራ አሮጌ ውሎቹን መደርደር ቀጠለች። ልጅቷም ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ ወጣች።

ቤቷ ስትገባ ለባሏ የነገረችው እንደ ድል ወሬ ነበር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቃል ቆጥቦ የሚኖር፣ ቤት ሲገባ መጀመሪያ እግሩን ከጫማ የሚገላግል ሰው። የኃላፊውን ሽሽት ስትተርክለት ፈገግ አለ። ጸሐፊዋ ጋ ስትደርስ ፈገግታው ጠፋ። ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱ ዘገየ እያለ ስድብ ሲያወርድብኝ ይውላል፤ አውቶቡሱን የሚያዘገየው መሪ ላይ ያለው ሰው አይደለም፤ ግን ስድብ ቅርብ ያገኘውን ነው የሚመታው አላት። ከዚያ ካልሲውን እየጠቀለለ "ያንቺ ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው" አለ።

ከማን ወገን ነህ ብላ ተነሳችበት። ያገባችበትን ቀን ረገመች፤ እሱም እኔም አንዳንዴ እረግመዋለሁ አለና መብራቱን አጠፋ።

ጠዋት ሁሉም ተጠሩ። ዋና ሥራ አስኪያጇ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጣለች፤ ረጅም፣ ሳቋን ያየ ሰው የሌለ ሴት ናት። ኃላፊው ጥፋተኛውን አግኝቶ ነው የመጣው። በወረቀት ላይ የአውቶማቲክ መልሱን ትእዛዝ መቀየር የሚያስችለው የይለፍ ቃል ያላቸው የኮምፒውተር ባለሙያውና ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው አለ። ባለሙያው ዕረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ከጸሐፊዋ በቀር ማንም ሊሆን አይችልም፤ የስንብት ደብዳቤውም ተዘጋጅቷል አለ። ይህን ሲል ምላጭን አንድ ጊዜ አያት። ማን እንደጻፈው ያውቃል። ግን ምላጭ ነች ካለ "ከኢሜይሉ ለምን አላስወጣሃትም?" የሚል ጥያቄ ይመጣበታል፤ ጸሐፊዋ ደግሞ አፍ የላትም። ልጅቷ እኔ አይደለሁም አለች። የማንንም ስም አልጠራችም።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለች ምላጭ ከበሩ አጠገብ።

ሥራ አስኪያጇ ዞረችባት። "ከጻፍሽው ውስጥ ውሸት አለበት?"

"የለበትም።"

"አንተስ?" አለች ወደ ኃላፊው ዞራ። "ውሸት አለበት?"

ኃላፊው ስለ ሲስተሙ፣ ስለ ደቂቃው፣ ስለ ሪፖርቱ ጀመረ። አላስጨረሰችውም። አለ ወይስ የለም ነው ያልኩህ አለችው። እሱ የእጁን ሰዓት አስተካከለ። ያኔ ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም በአንድ ዓይን እያየች "አንተ በሩን ዘግተህ አመስግኑኝ ትላለህ፤ እሷ ቤቱን አቃጥላ ጭሱን እዩልኝ ትላለች። ከሁለታችሁ የሚያፈስ ቧንቧ ይሻለኛል" አለች። ጸሐፊዋን ወደ ሥራሽ ሂጂ አለቻት። ይቅርታ ግን እሷም አልጠየቀቻትም።

ምላጭ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎላት ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ ወዳለ ሕንፃ፣ ምድር ቤት ወዳለ የተከራዮች መስኮት ተዛወረች። ኃላፊው በቦታው ቀረ። አውቶማቲክ መልሱ ተቀየረ፤ መልእክቱ መድረሱን፣ አንባቢ እንደተመደበለት፣ አስቸኳይ ከሆነ ለጥገና ክፍል መደወል እንደሚቻል ይላል። አንባቢ የተደረጉት እነዚያው ባልደረቦቿ ናቸው። እያዛጉም ቢሆን ያነባሉ።

ከስብሰባው ስትወጣ የመጀመሪያ ሥራዋ ለቧንቧ ሠራተኛው መደወል ነበር። ስለ ሰዓት ሠሪው ቤት ስትነግረው ሰውየው ሰማትና፣ ይህን እያወቅሽ ለምን ቀደም ብለሽ አልደወልሽልኝም፣ ቁጥሬ አለሽ አይደል አላት። አዎ አለኝ አለች። እሱ ሲደርስ የራሰው ኮርኒስ ተገንጥሎ አልጋው ላይ ወድቋል። ደግነቱ ባለቤታቸውን ከጥቂት ቀን በፊት ልጃቸው ወስዳቸዋለች። ሽማግሌው ፍርስራሹን ጠርገው ጥግ ላይ ደርድረው፣ ለሠራተኛው ወንበር አቀረቡለት።

ዕቃዋን ጠቅልላ ልትሄድ ስትል ምላጭ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። በሕይወቷ ይቅርታ ብላ ስለማታውቅ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። "በድዬሻለሁ" አለች በመጨረሻ። ልጅቷ መተየቧን አላቋረጠችም። "እሺ" አለች። እትዬ አላለቻትም። ጥቂት ወራት ቆይታ ሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝታ ሄደች፤ የመሰናበቻውን ቀን ምላጭ የሰማችው ካለፈ በኋላ ነው። ኃላፊውም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ዋናው ጽሕፈት ቤት ከፍ ባለ ማዕረግ ተወሰደ። ባሏ ይህን ሲሰማ አንዳንድ ሰው ወደ ላይ ነው የሚወድቀው አለ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አሁን ምላጭ የምትውለው ከመስኮቱ ኋላ ነው። መልስ የሚፈልገው ሰው ፊት ለፊቷ ይቆማል፤ ትንፋሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ይጮኹባታል፤ ትጮኻለች። በየሳምንቱ አንድ ሰው ከስሶሻለሁ ይላታል፤ እሷም የሥራ አስኪያጇን ስልክ ጽፋ ትሰጠዋለች፤ በቀጥታ ሥራ አስኪያጇ የምታነሳውን። በቅርቡ አንዲት ሴትዮ አሳንሰሩ ቆሞ ዕቃ ተሸክማ ደረጃ መውጣቷን እያማረረች መጣችና፣ እናንተ ሰዎች አይደላችሁም እያለች ትንፋሽ እስኪያጥራት ተናገረች። ምላጭ አስጨረሰቻት። ከዚያ ሴትዮዋ እየሰማች ለጥገናው ሰው ደወለች፤ ስድብ ቀረሽ በሆነ ቃል አጣደፈችው፤ ዘጋችው።

"ይቀመጡ" አለቻት በእጇ ወንበሩን እያሳየች። "እየመጣ ነው። ካልመጣ አብረን እንሰድበዋለን።"

ሴትዮዋ ፊቷን እንዳጠቆረች ተቀመጠች። ሁለቱም ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ በሩን በሩን እያዩ ሰውየውን ጠበቁት።